የኮምፓይለር እርሾ

የአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ በ1957 ፎርትራን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለደንበኞቹ ሲያቀርብ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ከቋንቋው ይልቅ ሠሪዎቹን ያደከማቸው ቋንቋውን ወደ ማሽን ትእዛዝ የሚተረጉመው ፕሮግራም ነበር። በጆን ባከስ የሚመራው ቡድን ሥራውን የጀመረው በ1954 ነው። የፈጀው ጉልበት ሲሰላ፣ አንድ ሰው ብቻውን ቢይዘው 18 ዓመት የሚወስድበት ነበር። ዛሬ አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ በአንድ ሴሚስተር ትንሽ ቋንቋ ይፈጥራል፤ ተርጓሚውንም ሠርቶ ለመምህሩ ያስረክባል። ተማሪው ከባከስ ቡድን ስለሚበልጥ አይደለም። ላፕቶፑ ፈጣን ስለሆነም ብቻ አይደለም። በመካከሉ ሰዎች መሣሪያ የሚሠራ መሣሪያ ሠርተው ስለተዉለት ነው። ነገራችን ስለዚያ መሣሪያ ነው፤ ከመሣሪያው ጋር አብሮ ስለመጣ አንድ አስቸጋሪ ጥያቄም ጭምር።

ከመሠረቱ እንነሣ። ኮምፒውተር የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ትእዛዙን ሁሉ ማሽኑ በሚያውቀው ቁጥር መጻፍ ነበረበት። ግሬስ ሆፐር፣ የሒሳብ መምህርትና የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን፣ ይህ ሥራ ለሰው እንደማይገባ ቀድመው ካዩት አንዷ ናቸው። በ1952 አካባቢ ዩኒቫክ ለተባለው ማሽን ኤ-ዜሮ የሚባል ፕሮግራም አዘጋጁ። ቀደም ብለው የተጻፉና በቴፕ ላይ የተቀመጡ ትናንሽ ፕሮግራሞችን በትእዛዝ እየሰበሰበ አንድ ላይ ያገጣጥም ነበር። «ኮምፓይለር» የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው፤ ቃሉ ሰብስቦ የሚያጠናቅር ማለት ነው። ዛሬ ኮምፓይለር ስንል ከመሰብሰብ አልፎ የሚተረጉመውን ማለታችን ነው፤ ስሙ ግን ከነታሪኩ ቀርቷል።

ባከስ ከፎርትራን በኋላ ያደረጉት ነገር በእኔ ግምት ከፎርትራን ራሱ ይበልጣል። በ1959 ፓሪስ ላይ በዩኔስኮ በተዘጋጀ ጉባኤ፣ አንድን የፕሮግራም ቋንቋ ሰዋስው በአጫጭር ደንቦች የሚገልጽ የአጻጻፍ ዘዴ አቀረቡ። በማግሥቱ ዓመት ዴንማርካዊው ፒተር ናውር አልጎል 60 ለተባለው ቋንቋ የወጣውን ሰነድ ሲያዘጋጁ ዘዴውን አስተካክለው ተጠቀሙበት። ደንቦቹ እኛ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ እንደተማርነው ዓይነት ናቸው፦ ዓረፍተ ነገር ማለት ባለቤት፣ ተሳቢና ግሥ ነው፤ ባለቤት ማለት ስም ነው፣ ወይም ቅጽልና ስም ነው፤ እያለ ይወርዳል። (ይህን መሰል የደንብ አጻጻፍ ፓኒኒ የተባለው የጥንት ሕንዳዊ ሊቅ ለሳንስክሪት ቋንቋ ከሁለት ሺህ ዓመታት በፊት ተጠቅሞበት ነበር። በ1967 አንድ ጸሐፊ ዘዴው በእርሱም ስም ይጠራ ብለው ሐሳብ አቅርበዋል።)

እንግዲህ የቋንቋው ሰዋስው በደንብ መልክ ወረቀት ላይ ከሰፈረ፣ ቀጣዩ ሐሳብ ሩቅ አልነበረም። ደንቦቹን አንብቦ ተርጓሚውን ራሱ ማሽኑ ቢሠራውስ? በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ቶኒ ብሩከርና ዴሪክ ሞሪስ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ይህን ሞክረው ሥራቸውን «ኮምፓይለር ኮምፓይለር» አሉት። በካሊፎርኒያ ዲዊ ቫል ሾሬ በ1964 ሜታ ቱ የተባለውን፣ ሮበርት መክሉር ደግሞ በ1965 ቲ.ኤም.ጂ. የተባለውን አወጡ። ጊዜው አዳዲስ የፕሮግራም ቋንቋዎች እንደ እንጉዳይ የሚፈሉበት ነበር። ጂን ሳሜት በ1969 ስለ ቋንቋዎቹ ታሪክ ያሳተሙት ትልቅ መጽሐፍ ሽፋኑ ላይ የባቢሎን ግንብ ተሥሎበታል፤ ምክንያቱን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም።

ከእነዚህ መሣሪያዎች ሁሉ በሰፊው ተይዞ የቀረው ግን ጥቂት ቆይቶ በኒው ጀርሲ በሚገኘው በቤል ላቦራቶሪ ተወለደ። ከአንዲት ትንሽ ችግር ነው የተነሣው። በ1969 ዩኒክስ የተባለው ሥርዓት እዚያው ሲጀመር፣ ደግ መኪልሮይ ቲ.ኤም.ጂ.ን በአዲሱ ሥርዓት ላይ እንዲሠራ አድርገው ጻፉት። ኬን ቶምሰን ይህን አይተው ፎርትራንን ለመሥራት ተነሡ፤ ያን ሐሳብ ወዲያው ትተው በምትኩ ቢ የተባለ የራሳቸውን ቋንቋ ፈጠሩ። የሥራ ባልደረባቸው ስቲቨን ጆንሰን ደግሞ በዚህ ቋንቋ ላይ አንድ ምልክት መጨመር ፈለጉ። ምልክቱ «ወይ ይህ ወይ ያ፣ ሁለቱም ግን አይሆንም» የሚለውን ስሌት የሚገልጽ ነው። አንድ ምልክት ብቻ! ተርጓሚው ውስጥ ገብቶ ማስተካከሉ ግን ከታሰበው በላይ አስቸገረ፤ አንዱን ሲነኩት ሌላው ይናጋል። ጆንሰን ችግራቸውን ለአልፍሬድ አሆ ነገሯቸው። አሆም ዶናልድ ክኑዝ በ1965 ወዳሳተሙት አንድ ጥናት መሯቸው።

የክኑዝን ሐሳብ ለመረዳት አማርኛ ተናጋሪ መሆን ይረዳል ብል ማጋነን አይሆንም። «ካሳ ለእናቱ ከመርካቶ ነጭ ነጠላ…» ብዬ ዝም ብል ሰሚው ምን ያደርጋል? ካሳን ይይዛል፣ እናቱን ይይዛል፣ መርካቶን ይይዛል። «ነጭ» እና «ነጠላ» ሲመጡ ሁለቱን አስሮ እንደ አንድ ዕቃ ያስቀምጣል። ነጠላውን ገዛ ይሁን ሰረቀ ገና አያውቅም፤ ግሡን ይጠብቃል። «ገዛ» ሲባል ብቻ የተቆለለው ሁሉ ቦታ ቦታውን ይዞ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሆናል። የክኑዝ ዘዴም እንዲሁ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ያነባል፤ ያነበበውን ይቆልላል፤ ከቁልሉ አናት ላይ ያሉት ከአንድ ደንብ ጋር መግጠማቸውን ሲያውቅ አስሮ በአንድ ስም ይተካቸዋል። ወደ ኋላ ተመልሶ አያነብም። መቼ መቆለል፣ መቼ ማሰር እንዳለበት የሚነግረው ከሰዋስው ደንቦቹ አስቀድሞ የተሠራ አንድ ሰንጠረዥ ነው።

ችግሩ ሰንጠረዡ ነበር። በክኑዝ ዘዴ በቀጥታ ሲሠራ ለዘመኑ ማሽኖች የማይቻል ግዙፍ ይሆናል፤ በ1969 ፍራንክ ዴሬመር የሚያሳንሱበትን መንገድ አገኙ። ቢያንስም ግን በእጅ መሥራቱ ለሰው የሚመች አይደለም። ጥቂት ደንቦች እንኳ በመቶ የሚቆጠሩ ሳጥኖች ይወልዳሉ፤ አንድ ደንብ ሲለወጥ ደግሞ ሁሉም እንደ አዲስ ይጀመራል። ጆንሰን ይህን አሰልቺ ሥራ ለማሽኑ ሰጡት። ፕሮግራማቸው ሰዋስውን በደንብ መልክ ይቀበላል፣ ሰንጠረዡን ያሰላል፣ ተንታኙንም ጽፎ ያወጣል። ስሙን ያክ አሉት፤ ሲተረጎም «ደግሞ ሌላ ኮምፓይለር ኮምፓይለር» እንደማለት ነው። ከእነርሱ በፊት ስንቱ እንደሞከረው ስለሚያውቁ በራሳቸው ላይ መቀለዳቸው ነው። ስለ ያክ የጻፉት ሪፖርት በ1975 ወጣ።

ያክ ስለሚያደርገው አንድ ነገር ቆም ብለን እንነጋገር፤ እኔ ከፍጥነቱ ይልቅ የምወድለት ይህን ነው። «አሮጌ ወንበርና ጠረጴዛ እንሸጣለን» የሚል ማስታወቂያ ብታዩ፣ ጠረጴዛው አሮጌ ነው ወይስ አዲስ? ሰዋስዉ ሁለቱንም ይፈቅዳል። በቅኔ ቤት ይህ ሀብት ነው፤ ሰምና ወርቅ የሚያድረው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። የባንክ ሒሳብ የሚያሰላ ፕሮግራም ውስጥ ግን አደጋ ነው። ተርጓሚውን በእጁ የሚጽፍ ሰው እንዲህ ያለ መንታ ትርጉም በቋንቋው ውስጥ እንዳለ ላያውቅ ይችላል፤ ፕሮግራሙ በአጋጣሚ አንዱን መርጦ ያልፋል። ያክ ግን ሰንጠረዡን ሲያሰላ አንድ ሳጥን ውስጥ «ቆልል»ም «እሰር»ም አብረው ሲገቡ ያገኛል። አንዱን መርጦ ሥራውን ይቀጥላል፤ ነገር ግን ግጭት እንዳለና ስንት እንደሆነ ለሰውየው ይነግረዋል። ቋንቋ ፈጣሪው ሊል የፈለገውን በትክክል አለመናገሩን፣ አንድም ፕሮግራም በቋንቋው ሳይጻፍ፣ አስቀድሞ ያውቃል ማለት ነው።

ያክ የሚሠራው በቃላት ላይ ነው። ፊደላቱን ለቅሞ ይህ ስም ነው፣ ይህ ቁጥር ነው፣ ይህ የመደመር ምልክት ነው ብሎ የሚያቀርብለት ሌላ ፕሮግራም ያስፈልገዋል። ለዚህ ሥራ ሌክስ የተባለውን መሣሪያ ማይክ ሌስክና ኤሪክ ሽሚት በዚያው በ1975 አካባቢ ሠሩ። ሽሚት በጊዜው ገና ተማሪ ነበሩ፤ በኋላ ከ2001 እስከ 2011 የጉግል ዋና ሥራ አስኪያጅ የሆኑት እሳቸው ናቸው።

ሌክስ ሲሠራ በሠሪዎቹ ዓይን ፊት የነበረው የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ነው። የእኛ «ሀ» በዩ.ቲ.ኤፍ. 8 አጻጻፍ ሦስት ባይት ይይዛል፤ ፍሌክስ የተባለው የሌክስ ተተኪ ደግሞ የሚቆጥረው ፊደል ሳይሆን ባይት ነው። ስለዚህ በግዕዝ ፊደል ቃል የሚለቅም ነገር በፍሌክስ መሥራት የሚፈልግ ሰው እያንዳንዱን ፊደል በሦስት ቁራጭ እየከፈለ ማሰብ አለበት። የማይቻል አይደለም፣ አድካሚ ነው። መንገዱ ቀስ በቀስ ተጠርጓል። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገባ፤ በ2008 የወጣው ፓይተን 3 ደግሞ የተለዋዋጮችን ስም በግዕዝ ፊደል መጻፍ ይፈቅዳል። «ድምር» ብላችሁ ስም ብታወጡ ፕሮግራሙ ያለ ቅሬታ ይሠራል፤ «ከሆነ» የሚለውን ግን አሁንም በእንግሊዝኛ መጻፍ ግድ ነው። ይህን ለመለወጥ የሚያስፈልገው መሣሪያ እላይ የተረክነው ነው። በነገራችን ላይ ዩ.ቲ.ኤፍ. 8ን በ1992 የነደፉት ሮብ ፓይክና እነዚያው የቢ ቋንቋ ፈጣሪ ኬን ቶምሰን ናቸው። ወደ ቶምሰን እንመለሳለን።

ያክና ሌክስ ምን አመጡ? መጀመሪያ ያመጡት ትልልቅ ቋንቋዎችን ሳይሆን ትናንሾቹን ነው። ብራያን ከርኒሃንና ሎሪንዳ ቼሪ የሒሳብ ቀመር ለኅትመት የሚያዘጋጅ ኢ.ኪ.ኤን. የተባለ ቋንቋ በያክ ሠሩ። ያሰቡት ሒሳብም ኅትመትም ለማያውቁ ጸሐፊዎች ነው፤ ጸሐፊዋ ቀመሩን ሰው አፍ አውጥቶ በሚያነበው መልክ ትተይባለች፣ ፕሮግራሙ ክፍልፋዩንና ሥሩን በቦታቸው ያስቀምጣል። አሆ፣ ዋይንበርገርና ከርኒሃን በ1977 ኦክ የተባለውን አወጡ። ጆንሰን ራሳቸው በያክ የሠሩት የሲ ኮምፓይለር ዩኒክስ ከአንድ ማሽን ወደ ሌላው እንዲሻገር ከረዱት ነገሮች አንዱ ሆነ። አንድ ቋንቋ መፍጠር የታላላቅ ኩባንያዎች ሥራ መሆኑ ቀረ፤ አንድ ሰው በቢሮው የገጠመውን ችግር ለመፍታት የሚያደርገው ነገር ሆነ።

አሆና ጄፍሪ ኡልማን ዕውቀቱን በመጽሐፍ አሰናዱት። በ1986 ከራቪ ሴቲ ጋር ባወጡት እትም ሽፋን ላይ አንድ ባላባት ከዘንዶ ጋር ይዋጋል፤ ዘንዶው የኮምፓይለር ሥራ ውስብስብነት ነው፣ በባላባቱ እጅ ያለው መሣሪያ ደግሞ ከዴሬመር የመጣው ሰንጠረዥ ሠሪ። በየዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች «የዘንዶው መጽሐፍ» ይሉታል። ሁለቱ ደራሲዎች ለዚህና ለሌሎች ሥራዎቻቸው የ2020ን የቱሪንግ ሽልማት ተቀብለዋል።

ታሪኩ ግን በድል ብቻ አይቀጥልም። ያክ በ1985 ባይሰን የተባለ ነፃ ተተኪ አገኘ፤ ጂ.ሲ.ሲ. የተባለው ታዋቂ ነፃ ኮምፓይለርም በእርሱ ይጠቀም ነበር። በ2004 ግን የጂ.ሲ.ሲ. ሠራተኞች የሲ ፕላስ ፕላስ ተንታኛቸውን፣ በ2006 ደግሞ የሲውን፣ በእጅ በተጻፈ ተኩት። ሲ ፕላስ ፕላስ ለሰንጠረዡ የማይመች ጠማማ ሰዋስው አለው። ሌላም ምክንያት ነበር። ሰንጠረዡ ትክክለኛውን በትክክል ያነባል፤ የተሳሳተ ሲገጥመው ግን የሚሰጠው መልእክት ለብቻው ከተተወ «የሰዋስው ስህተት» ብቻ ነው። የት? ለምን? ምን ቢደረግ ይሻላል? ለጀማሪ ተማሪ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ይህ ነው፤ ይህን የሚያውቀውም ስህተቱን ደጋግሞ ያየ ሰው ነው። በሌላ በኩል የተርጓሚው የኋላ ግማሽ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ማሽን ትእዛዝ የሚያወጣው ክፍል፣ የራሱን የጋራ መሣሪያ አገኘ። ክሪስ ላትነርና ቪክራም አድቬ በ2000 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት ኤል.ኤል.ቪ.ኤም. ዛሬ ስዊፍት፣ ረስትና ጁሊያ የሚቆሙበት መሠረት ነው። የፊቱ ክፍል ወደ እጅ ሥራ ሲመለስ የኋላው የጋራ ሆነ።

አሁን ወደ ቶምሰን እንመለስ። የቢ ቋንቋ የመጀመሪያ ተርጓሚ የተጻፈው በቲ.ኤም.ጂ. ነበር። ከሠራ በኋላ ቶምሰን ተርጓሚውን በራሱ በቢ ቋንቋ ጻፉት፤ አሮጌው አዲሱን ተረጎመው፣ ከዚያ ወዲያ ቢ ራሱን በራሱ መተርጎም ቻለ። ዛሬም አብዛኞቹ ትልልቅ ኮምፓይለሮች እንዲሁ ናቸው። ይህ ነገር እናቶቻችን ቤት አለ። ሊጥ ሲቦካ ከላይ የሚጠልለው እርሾ ተቀንሶ ለሚቀጥለው ቡኮ ይቀመጣል። የዛሬው እንጀራ ከትናንቱ፣ የትናንቱም ከትናንት ወዲያው እርሾ ነው። የመጀመሪያው እርሾ ከማን ቤት እንደመጣ የሚያስታውስ የለም።

በ1984 በታተመው የቱሪንግ ሽልማት ንግግራቸው ቶምሰን የጠየቁት እርሾው ቢበከልስ የሚለውን ነው። እንዲህ አስቡት። አንድ ሰው ኮምፓይለሩ ውስጥ ተንኮል ይጨምራል፦ የይለፍ ቃል የሚቀበለውን ፕሮግራም ስትተረጉም፣ እኔ የማውቀውን ምስጢራዊ ቃልም እንዲቀበል አድርገህ ተርጉመው። ይህ ብቻውን የኮምፓይለሩን ጽሑፍ ያነበበ ሁሉ ይደርስበታል። ስለዚህ ሁለተኛ ተንኮል ይጨመራል፦ ራስህን ስትተረጉም ሁለቱንም ተንኮሎች በአዲሱ ቅጂ ውስጥ ጨምር። አንድ ጊዜ ከተተረጎመ በኋላ ሰውየው ሁለቱንም ከጽሑፉ ይደመስሳቸዋል። አሁን የኮምፓይለሩ ጽሑፍ ንጹሕ ነው፤ የይለፍ ቃሉም ፕሮግራም ንጹሕ ነው። ሁሉም ሰው መስመር በመስመር ቢያነብ ምንም አያገኝም። ዱቄቱ የጠራ፣ ውኃው የጠራ፤ እያንዳንዱ ቡኮ ግን በእርሾው ይበከላል። የቶምሰን ድምዳሜ፣ ሙሉ በሙሉ ራስህ ያልጻፍከውን ፕሮግራም ጽሑፉን በማንበብ ብቻ ልታምነው አትችልም የሚል ነበር።

ይህ የሊቃውንት ጨዋታ ሊመስል ይችላል። በ2015 ግን የእርሱ የቅርብ ዘመድ የሆነ ነገር በቻይና ታየ። የአይፎን ፕሮግራም መሥሪያ የሆነው ኤክስኮድ ከአፕል ማውረጃ ሲወርድ እዚያ አገር እጅግ ይዘገይ ስለነበር፣ ብዙ ሠሪዎች በቅርብ ካገኙት ቦታ ያወርዱት ነበር። እዚያ የተቀመጠው ቅጂ የተነካካ ነበር። በእርሱ የተሠሩ ፕሮግራሞች ሠሪዎቻቸው ሳያውቁ ተንኮል ይዘው ወጡ፤ በብዙ ሚሊዮን ሰዎች የሚጠቀሙበት ዊቻት ሳይቀር አንዱ እትሙ ተነክቶ ነበር። ስሙን ኤክስኮድ ጎስት አሉት። ሠሪዎቹ የጻፉት ጽሑፍ ንጹሕ ነበር። ቸኩለው ከጎረቤት እርሾ ተበደሩ እንጂ።

ለቶምሰን ጥያቄ በሥራ ላይ የሚውል መልስ ያቀረቡት ዴቪድ ዊለር ናቸው፤ መጀመሪያ በ2005፣ ከዚያም በ2009 በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ በጻፉት የዶክትሬት ጥናት። መንገዳቸው ይህ ነው። የተጠረጠረውን ኮምፓይለር ጽሑፍ ወስደህ፣ ከእርሱ ጋር ዝምድና በሌለው ሌላ ኮምፓይለር ተርጉመው። የሚወጣው ቅጂ በባይት ሲታይ ከተጠረጠረው ይለያል፤ ተርጓሚው ሌላ ነውና። አሠራሩ ግን ጽሑፉ የሚለው ነው። አሁን በዚህ አዲስ ቅጂ ያንኑ ጽሑፍ እንደገና ተርጉመው። እዚህ ላይ የእርሾው ምሳሌ ያበቃል፤ የጎረቤት እርሾ ጣዕሙ በሁለተኛው ቡኮም አይጠፋም፣ በኮምፓይለር ግን ሁለተኛው ቅጂ የመጀመሪያውን ተርጓሚ ዱካ አይዝም። የተጠረጠረው ኮምፓይለር ከራሱ ጽሑፍ በቀር ሌላ ነገር በውስጡ ከሌለው፣ ሁለቱ ቅጂዎች እስከ መጨረሻዋ ቢት አንድ ይሆናሉ። ሁለተኛው ኮምፓይለር ፍጹም መሆን አያስፈልገውም፤ ያንኑ ተንኮል አለመያዙ ይበቃል። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ዓይነት ውሸት አይዋሹም እንደማለት ነው።

ዊለር ዘዴውን በአንድ ትንሽ የሲ ኮምፓይለር፣ ሆን ተብሎ በተበከለ የሊስፕ ኮምፓይለርና በጂ.ሲ.ሲ. ላይ ሞከሩት። የተበከለው ተለይቶ ታወቀ። የጂ.ሲ.ሲ. ሁለት ቅጂዎች ባይት በባይት ሲነጻጸሩ አንድ ሆነው ተገኙ።